ስሙን፣ ሎጎውን ወይስ ሁለቱን አንድ ላይ? የንግድ ምልክት ለሚያስመዘግብ አነስተኛ ነጋዴ

አንዲት ወዳጄ ፈሳሽ ሳሙና ትሠራለች። አንድ ቀን ቤቷ ስሄድ ጠርሙሶቹን በትልቅ ሳፋ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ የተለጠፈባቸውን መለያ በጥፍሯ ስትልጥ አገኘኋት። ወረቀቱ ይነሣል፤ ሙጫው ግን አይለቅም። ሁለት ዓመት የሸጠችበትን ስም ሌላ ሰው አስመዝግቦት ኖሮ ከጠበቃው ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤው አጭር ነው፦ ስሙን መጠቀም ያቁሙ፣ ገበያ ላይ ያለውን ዕቃ ያንሡ።

ስለ ምዝገባ ሳታስብ ቀርታ አይደለም። አስባ ነበር። ግን የጠየቀችው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነገራት። አንዱ «ሎጎውን አስመዝግቢ» አላት። ሌላው «ስሙ ይበቃል» አለ። ሦስተኛው «ንግድ ፈቃድ ካለሽ ምን ቸገረሽ?» አላት። ግራ ሲገባት «ትንሽ ልቁምና እመለስበታለሁ» ብላ ተወችው። ይህን የምጽፈው አሁን እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ለቆማችሁ ነው።

የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ገንዘባችሁ ለአንድ ማመልከቻ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስሙን ያለ ሥዕል፣ እንደ ቃል ብቻ አስመዝግቡ፤ ዛሬ በምትሸጡት ዕቃ ምድብ፤ መለያው ማተሚያ ቤት ሳይገባ በፊት። ይህ ምክር የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። እነሱንም እናያለን።

ቀድሞ የሚምታታው ነገር

ንግድ ፈቃድ እንድትሠሩ ይፈቅድላችኋል። የድርጅት ስም ምዝገባ ድርጅታችሁ በምን ስም እንደሚጠራ ያሳውቃል። የድረ ገጽ ስም አድራሻ ነው። አንዳቸውም የንግድ ምልክት አይደሉም። የንግድ ምልክት ገዢው መደርደሪያ ላይ ዕቃችሁን ከሌላው የሚለይበት ነገር ነው፦ ቃል፣ ሥዕል ወይም ሁለቱ። ድርጅታችሁ በአንድ ስም ተመዝግቦ፣ በዚያው ስም የሚሸጥ የሌላ ሰው ሳሙና ሕጋዊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወዳጄ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አምስት ጥያቄ እንያዝ። ሌላ ሰው ስማችንን በሌላ ሥዕልና በሌላ ቀለም ቢጽፈው እናስቆመዋለን ወይ? የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻውን የመቀበል ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከሦስት ዓመት በኋላ ዲዛይኑ ቢቀየር ምዝገባው ይተርፋል ወይ? ዛሬና ወደ ፊት ስንት ያስወጣል? ክርክር ቢነሣ ለማስረዳት ይቀላል ወይ?

ከእነዚህ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ሰው ምልክት የሚያስመዘግበው ሌላውን ለማስቆም ነው። የማያስቆም ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ከመሰቀል አያልፍም።

አንደኛ፦ ስሙን በቃል ብቻ

እዚህ የሚመዘገበው ቃሉ ራሱ ነው። የፊደሉ ቅርጽ፣ ቀለሙ፣ መጠኑ አይገባበትም። «ጤዛ» የሚል ሳሙና አላችሁ እንበል። «ጤዛ» በቃል ከተመዘገበ፣ ሌላው በቀይ ቢጽፈው፣ ቅጠል ቢሥልበት፣ ፊደሉን ቢያጣምመው ያው «ጤዛ» ነው። አብዛኞቹ አገሮች የሚጠይቁት ገዢው ይሳሳታል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ በድምፅ በጣም የሚቀርብ ስምም ሊያዝ ይችላል። ሎጎውን በየዓመቱ ብትቀይሩም ምዝገባው አይነካም።

ችግሩ ስሙ ራቁቱን መርማሪ ፊት መቆሙ ነው፤ መርማሪ የምለው ማመልከቻውን የሚመረምረውን የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ ነው። የሚደግፈው ሥዕል የለም። ስሙ ደካማ ከሆነ ይወድቃል። አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስሞች እንደ መሰላል ናቸው። ታችኛው ደረጃ የዕቃው መጠሪያ ራሱ ነው። ለሳሙና «ሳሙና» የሚል ስም ማንም አይመዘግብላችሁም፤ ሁሉም ሻጭ ያስፈልገዋልና። አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ገላጭ ስም ይመጣል፦ «ንጹሕ»፣ «አጽጂ»፣ «ምርጥ አረፋ»። ነጋዴ እነዚህን ይወዳል፤ ለገዢው ማስታወቂያ ሳያስፈልግ ይናገራሉና። መርማሪው የማይወዳቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌላው ሳሙና ሠሪም ሳሙናው ንጹሕ ያደርጋል የማለት መብት አለው።

ቀጥሎ ጠቋሚ ስም አለ። «ጤዛ» ከዚህ ይመደባል። ሳሙና መሆኑን አይነግራችሁም፤ ግን ማለዳን፣ ንጽሕናን፣ ቅዝቃዜን ያስታውሳል። ከዚያ ከዕቃው ጋር ምንም የማይገናኝ የታወቀ ቃል ይመጣል፦ ለሳሙና «መርከብ» እንደማለት። አፕል ማለት ፖም ነው፤ ለኮምፒውተር ሲሆን ግን ጠንካራ ስም ሆነ። ጫፉ ላይ ያለው ፈጽሞ የተፈጠረ ቃል ነው። የካሜራ ሠሪው ጆርጅ ኢስትማን «ኮዳክ» የሚለውን ቃል ከምንም ፈጥሮ በ1888 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አስመዘገበው። ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ ጉልበቱም ይኸው ነው።

ከመሰላሉ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ምዝገባው ይቀላል፤ ገዢውን ማስተማር ግን ይከብዳል። ለትንሽ ነጋዴ የምመርጠው መሐሉን ነው። ጠቋሚ ስም ለገበያውም ለመርማሪውም ይሆናል።

ጠንካራ ስምም ካልተጠበቀ ይጠፋል። «አስፕሪን» የጀርመኑ መድኃኒት ሠሪ የባየር የንግድ ምልክት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ራሱን በዚያ ስም ሲጠራ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ለሕዝቡ የወል ስም ሆኗል ብሎ ወሰነ። በጀርመንና በካናዳ ግን ዛሬም የባየር ነው። ስለዚህ መለያው ላይ ሁሌም «ጤዛ ሳሙና» በሉ። «ጤዛ» ብቻውን የሳሙና ሌላ ስም እንዳይሆን።

ስማችሁን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም የምትጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአንዱ ምዝገባ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል ብላችሁ አትተማመኑ። ገዢው ዓይን ላይ ጎልቶ የሚታየውን አስቀድሙ። ከተቻለ ሁለቱን አንድ ማመልከቻ ላይ ከማጣበቅ በሁለት ማመልከቻ ማስገባት ይሻላል። ዓለም አቀፍ ማመልከቻ ላይ በላቲን ያልተጻፈ ስም ሲቀርብ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚነበብ መጻፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፦ ሥዕሉን ብቻ

በብሪታንያ መዝገብ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ የተመዘገበው የንግድ ምልክት የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጥር 1 ቀን 1876 እ.ኤ.አ.። ማንበብ የማይችል ሰውም ያንን ቅርጽ ያውቀዋል። ሥዕል የሚያሸንፈው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ዕቃችሁ ላይ ጽሑፍ የማይገባ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሳሙናው ላይ ማኅተም ብቻ ከሆነ የሚታተመው፣ ወይም ገዢዎቻችሁ የተለያየ ቋንቋ የሚያነቡ ከሆነ ሥዕሉን ማስመዝገብ ዋጋ አለው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ስሙ አይጠበቅም። ሥዕሉን ጨርሳችሁ ስትቀይሩ ምዝገባው ከአሮጌው ጋር ይቀራል።

አንድ የሚረሳ ጉዳይ ደግሞ አለ፦ ሥዕሉ የማን ነው? በብዙ አገር ሕግ፣ ተቀጣሪያችሁ ያልሆነ ዲዛይነር የሠራው ሎጎ የቅጂ መብቱ በጽሑፍ እስካልተላለፈ ድረስ የዲዛይነሩ ነው። ገንዘቡን መክፈላችሁ ብቻውን አያስተላልፈውም። ክፍያውን ከመጨረሳችሁ በፊት ባለ አንድ ገጽ ውል አስፈርሙ። በኋላ ከሆነ ሰውየውም ሊጠፋ፣ ዋጋውም ሊወደድ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ስምና ሥዕል በአንድ ላይ

ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ በአንድ ክፍያ ሁለቱን ያገኘ ይመስለዋል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። የሚጠበቀው ጠቅላላ ገጽታው ነው። ስሙ ጠንካራ ሲሆን ጥምሩም በስሙ የሚጠቀም ሌላ ሰው ላይ ጉልበት አለው። ስሙ ገላጭ ሲሆን ግን ጥምሩ የሚያልፈው በሥዕሉ ምክንያት ነው። «ንጹሕ ሳሙና» ከወፍ ሥዕል ጋር ተመዘገበ እንበል። ወፏን የሰረቀ ይያዛል። «ንጹሕ» የሚለውን በሌላ መልክ የጻፈው ግን በሰላም ይነግዳል። አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ቃሉ ላይ ለብቻው መብት እንደማትጠይቁ በግልጽ ያስጽፏችኋል።

የዲዛይን ለውጥም ያስቸግራል። የንግድ ምልክትን ጨምሮ የኢንዱስትሪ ንብረትን ከሚጠብቀው የ1883 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ስምምነት የመጣ ደንብ አለ፦ ዋናውን መለያ ባሕርይ የማይለውጥ ትንሽ ማሻሻያ ምዝገባውን አያፈርስም። ፊደሉን ማቅጠን አንድ ነገር ነው። ወፏን በአበባ መቀየር ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ሁለተኛ ክፍያ ይጠብቃችኋል።

ጥምር ትክክለኛ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስሙ ደካማ ሆኖ፣ ገዢው ግን ለምዶት መቀየር ካልተቻለ፣ ያለው አማራጭ ይኸው ነው። ምን ያህል እንደሚያስቆም ግን ራሳችሁን አታታልሉ።

አራተኛ፦ ለጊዜው አለማስመዝገብ

ይህም አማራጭ ነው። እንደ አሜሪካና ብሪታንያ ባሉ አገሮች በገበያ ላይ የተጠቀመበት ሰው ያለ ምዝገባም የተወሰነ መብት አለው። መብቱ ግን በተሸጠበት አካባቢና በሚቀርበው ማስረጃ ልክ ነው፤ ደረሰኝ፣ ማስታወቂያ፣ ቀን ያለው ፎቶ ማቅረብ አለባችሁ። እንደ ቻይናና ጃፓን ባሉት ደግሞ በመሠረቱ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል።

ስሙን ገና እየሞከራችሁ ከሆነ፣ ለሁለት ወር ገበያ ብቻ የሚወጣ ዕቃ ከሆነ፣ ይቆይ። በዚህ ጊዜ ®️ (የተመዘገበ ማለት ነው) የሚለውን ምልክት አትለጥፉ። ሳይመዘገብ መለጠፍ በብዙ አገር ያስቀጣል። ™️ (የንግድ ምልክት ማለት ብቻ ነው) ግን በአብዛኛው ቦታ ያለ ምዝገባ ይፈቀዳል።

| መመዘኛ | ቃል ብቻ | ሥዕል ብቻ | ጥምር | አለማስመዝገብ |
|---|---|---|---|---|
| ስሙን ያስጠብቃል? | አዎ፣ በማንኛውም አጻጻፍ | አይ | ስሙ ጠንካራ ከሆነ ብቻ | በአንዳንድ አገር፣ በማስረጃ |
| የመመዝገብ ዕድል | እንደ ስሙ ጥንካሬ | ጥሩ፣ ሥዕሉ ልዩ ከሆነ | ከሁሉም የሚቀል | የለም |
| ዲዛይን ሲቀየር | ይተርፋል | አይተርፍም | ትንሽ ለውጥ ይችላል | አይመለከተውም |
| ወጪ | አንድ ማመልከቻ | አንድ ማመልከቻ | አንድ፤ ከዲዛይን ለውጥ ጋር ሊደገም ይችላል | ዛሬ የለም፣ በክርክር ጊዜ ብዙ |
| ለማስረዳት | ቀላል | መካከለኛ | እንደ ስሙ | ከባድ |
| ለማን ይሆናል? | ጠቋሚ ወይም የተፈጠረ ስም ላለው | ማኅተሙ ለሚታወቅ | ስሙ ገላጭ ሆኖ መቀየር ላልቻለ | ገና ለሚሞክር |

ምድቡን አታስፉት

ማመልከቻው ላይ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ለምን ዕቃ እንደሆነ ትጽፋላችሁ። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው በ1957 እ.ኤ.አ. ኒስ ከተማ የተፈረመውን ምደባ ነው። 45 ምድብ አለው፤ ከ1 እስከ 34 ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ለአገልግሎት። የመታጠቢያ ሳሙና ምድብ 3 ነው። መድኃኒትነት ያለው ሳሙና ወደ 5 ይሄዳል። ሻማ 4 ነው፣ ልብስ 25፣ የችርቻሮ መደብር አገልግሎት 35።

ክፍያው በብዙ ቦታ በምድብ ቁጥር ይጨምራል። ሰው ግን «ወደ ፊት ሻማም እሠራለሁ» ብሎ አምስት ምድብ ይከፍላል። የማትሸጡበት ምድብ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት አገሮች ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ዓመት ያለ በቂ ምክንያት ያልተጠቀሙበትን ምልክት እንዲሰርዙ ይፈቅዳል። ብዙ አገሮች አምስት ዓመት ይሰጣሉ። ዛሬ የምትሸጡትን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በእርግጥ የምትጀምሩትንም ጨምሩ። በዚህ ይብቃችሁ።

ራሳችሁ ወይስ በወኪል?

ቅጹን መሙላት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከፊቱና ከኋላው ያለው ነው። ከፊቱ ፍለጋ አለ። የአገራችሁን መዝገብ እዩ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ዋይፖ፣ በነፃ የሚፈለግበት የብራንዶች ቋት አለው። ስሙን እንዳለ ብቻ አትፈልጉ። በድምፅ የሚመስለውን፣ በሌላ ፊደል የተጻፈውን፣ ትርጉሙንም ፈልጉ። ወዳጄ ስሟን አንድ ምሽት ብትፈልገው ኖሮ ሳፋው ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ገበያ ላይ ይሆኑ ነበር።

ከኋላው ደግሞ የመርማሪው ደብዳቤ ይመጣል። መልስ የሚሰጥበት ቀን አለው፤ ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ስሙ የተፈጠረ ወይም ጠቋሚ ሆኖ ፍለጋው ንጹሕ ከወጣ፣ ራሳችሁ አስገቡ። የሚቀራረብ ስም ካገኛችሁ ወይም መርማሪው ከተቃወመ ወኪል ያዙ። በሌላ አገር በቀጥታ ስታመለክቱ አብዛኛው ጽሕፈት ቤት የዚያው አገር ወኪል ያስገድዳል።

በአገር ውስጥ ብቻ ወይስ ከዚያ በላይ?

ምዝገባ በአገር ድንበር ይወሰናል። የዓለም ምዝገባ የሚባል ምስክር ወረቀት የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትክፈሉ። ወደ ውጭ ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። በየአገሩ አንድ በአንድ ማመልከት ይቻላል። ለአካባቢ ጽሕፈት ቤት ማመልከትም አለ፤ አሊካንቴ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ጽሕፈት ቤት በአንድ ማመልከቻ 27 አገር ይሸፍናል፤ ያውንዴ ያለው የአፍሪካ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ኦአፒ፣ ደግሞ 17 አባላቱን። ሦስተኛው ዋይፖ የሚያስተዳድረው የማድሪድ ሥርዓት ነው።

ማድሪድ ከ110 በላይ አባላት አሉት። በአገር ውስጥ ባለ ማመልከቻ ላይ ተመሥርታችሁ የምትፈልጉትን አገር ትመርጣላችሁ። መነሻ ክፍያው ለጥቁርና ነጭ 653፣ ለባለ ቀለም 903 የስዊዝ ፍራንክ ነው፤ የየአገሩ ክፍያ ለብቻው ይጨመራል። የተባበሩት መንግሥታት በማደግ ላይ ካሉት ወደ ኋላ የቀሩ ከሚላቸው አገሮች የሚመጣ አመልካች ከመነሻ ክፍያው አሥር በመቶውን ብቻ ይከፍላል። አንድ አደጋ ልብ በሉ። በመጀመሪያው አምስት ዓመት የአገር ቤቱ ምዝገባ ከወደቀ ዓለም አቀፉም አብሮ ይወድቃል። መሠረቱ ካላስተማመናችሁ በየአገሩ ማመልከት ይሻላል። አገራችሁ አባል መሆኗንም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ገንዘብ ካጠረ የፓሪሱ ስምምነት ስድስት ወር ይሰጣችኋል። ዛሬ በአንድ አባል አገር ካመለከታችሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ በሌላው አባል አገር ስታመለክቱ ቀናችሁ የዛሬው ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ገበያውን እዩ፣ ገንዘቡን ሰብስቡ።

እንደየኪሳችሁ

ገንዘቡ ለአንድ ማመልከቻ ብቻ ከሆነ፦ ቃል ብቻ፣ አንድ ምድብ፣ በአገር ውስጥ፣ ፍለጋውን ራሳችሁ። ስሙ ገላጭ ከሆነ ግን አትክፈሉ። መለያው ገና ካልታተመ ስሙን ቀይሩ። ከማተም በፊት ስም መቀየር ከሁሉም ርካሹ ነገር ነው።

ለሁለት ማመልከቻ ከበቃ፦ ቃሉን ለብቻ፣ ሥዕሉን ለብቻ። ከአንድ ጥምር ሁለቱ ተነጣጥለው ይበልጣሉ፤ ሥዕሉ ቢቀየር ቃሉ ይቆማልና።

ስሙ ገላጭ ሆኖ ደንበኛ ከለመደው፦ ጥምሩን ዛሬ አስመዝግቡ፤ የሽያጭና የማስታወቂያ ማስረጃ ሰብስቡ። በብዙ አገር ገላጭ ቃል ለረጅም ጊዜ ተሸጦ ገዢው የአንድ ነጋዴ መሆኑን ካወቀው በኋላ በቃል ሊመዘገብ ይችላል።

ወደ ውጭ ለመላክ ውል ከጨረሳችሁ፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት እዚያው አገር አመልክቱ። አከፋፋዩ በራሱ ስም እንዳያስመዘግብም ውሉ ላይ አስገቡ።

ማመልከቻው ከታተመ በኋላ ስማችሁና አድራሻችሁ ለሕዝብ ይታያል። ያኔ የመንግሥት የሚመስል ርዕስ ያላቸው የክፍያ ጥያቄዎች በፖስታና በኢሜይል ይመጣሉ፤ «በዓለም መዝገብ ለማስፈር» ወይም «ለእድሳት» ይላሉ። ዋይፖ ራሱ ስለ እነዚህ ያስጠነቅቃል። ምዝገባ በአብዛኛው አገር አሥር ዓመት ይቆያል፤ በአንደኛው ዓመት እድሳት የሚጠይቃችሁ ሰው ሐሰተኛ ነው። ሳትከፍሉ በፊት ያመለከታችሁበት ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ንገሯቸው፤ የሚከፈል ነገር ካለ እዚያው ይነግሯችኋል።